ጉበቱ የታመመ ሰው ስንት ክኒን ይዋጥ?



በመርካዝ ክሊታችን ግቢ ውስጥ ሰሞኑን አንድ ወሬ ይናፈሳል። «ለነጩ ሙሉውን ያዝዙለታል፤ ለእኛ ሲሆን ግማሹን ይቆርጡብናል» የሚል ነው። ወሬው ከየት እንደተነሣ ጠይቄ ደረስኩበት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ከዩክሬን የመጣ ኦሌና አንድ የእኛ ሽማግሌ አባት ሁለቱም ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ለሁለቱም አካሞል ታዘዘላቸው። ለዩክሬኑ ሰው ሐኪሙ «በቀን እስከ ስምንት ክኒን መውሰድ ትችላለህ» ይለዋል። ለአባታችን ደግሞ «ከአራት እንዳያልፍ» ብሎ ወረቀቱ ላይ አስምሮበት ይሰጣቸዋል። ሁለቱ በኡልፓን አንድ ክፍል ናቸውና ወረቀታቸውን አስተያዩ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ክንፍ አወጣ።

አባታችን ጉበታቸው የታመመ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጉዳዩን ግን ራሳቸው «ጻፈው ልጄ፣ ሌላውም ይወቀው» ብለውኛል።

በበኩሌ ሐኪሙ መጠኑን መቀነሱ ትክክል ነው እላለሁ። ያልተስተካከለው ለምን እንደቀነሰ አለመናገሩ ነው። እኔ ጎንደር ከተማ ለአሥራ ሁለት ዓመት መድኃኒት ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። እዚህ አገር የሙያ ፈቃድ ስለሌለኝ፣ ማታ ማታ በሬን እያንኳኳችሁ «ስንት ልዋጥ?» ስትሉኝ መጠን አልናገርም፤ ይህን ታውቃላችሁ፤ የተቀየማችሁኝም አላችሁ። ነገር ግን መጠን ከሰው ሰው ለምን እንደሚለያይ ማስረዳት ፈቃድ አይጠይቅም።

ጉበት ማለት ኬላ ነው። የምንውጠው ክኒን ከአንጀት ተመጥጦ በቀጥታ ወደ መላ ሰውነት አይሄድም። ከአንጀት የሚነሣው ደም መጀመሪያ በአንድ ትልቅ ደም ሥር ተሰብስቦ ወደ ጉበት ይገባል። እዚያ መድኃኒቱ ይፈተሻል፤ ከፊሉ ይሰባበራል፣ ከፊሉ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፣ የተረፈው ብቻ አልፎ ወደ ልብና ወደ ሌላው አካል ይደርሳል። ሁሉም መድኃኒት እኩል አይቀረጥም። አንዳንዱ ምንም ሳይነካ ያልፋል፤ አንዳንዱ ግን አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ለምሳሌ ያህል ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ እዚህ ዴራሊን የሚባለው፣ ከጤነኛ ሰው ጉበት አልፎ የሚወጣው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። መድኃኒት አምራቾች ይህን ቀረጥ አስቀድመው ያውቁታል። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው መጠን ቀረጡ ታስቦበት የተጻፈ ነው።

አሁን ጉበቱ በሲሮሲስ የጠጠረ ሰው እናስብ። ሲሮሲስ ማለት ጉበት ለብዙ ዓመት በቫይረስ፣ በመጠጥ፣ በስብ ወይም በሌላ ምክንያት ሲቆስልና ሲድን ኖሮ ጠባሳ ብቻ እየሆነ ሲሄድ ነው። በጠባሳው ውስጥ ማለፍ ያቃተው ደም፣ ኬላ እንደሚሸሽ ኮንትሮባንድ ነጋዴ፣ በጎን ሌላ መንገድ ያበጃል። መድኃኒቱም ከደሙ ጋር ቀረጥ ሳይከፍል ያልፋል። ቀረጥ ታስቦበት የተሠራ ክኒን ሳይቀረጥ ሲያልፍ፣ አንዱ ክኒን እንደ ሁለት ወይም እንደ ሦስት ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ነው ሲሮሲስ ላለበት ሰው ዴራሊን ሲታዘዝለት ሐኪሙ በትንሹ ጀምሮ የልብ ምቱን እያየ ቀስ እያለ የሚጨምርለት። «የሕፃን መጠን ሰጡኝ» የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። የሕፃን መጠን አይደለም፤ በእናንተ ሰውነት ውስጥ ሲደርስ የአዋቂ መጠን የሚሆን ነው።

በዚህ ላይ ኬላው ላይ የቀሩት ሠራተኞች ጥቂት ስለሆኑ፣ አንዴ ወደ ደም የገባውን መድኃኒት አጣርቶ ማስወጣትም ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸዋል። የዛሬው ሳያልቅ የነገው ይደረብበታል። ደግሞም አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ብዙ መድኃኒቶች በደም ውስጥ የሚጓዙት በእሱ ላይ ተጣብቀው ነው፤ አልቡሚን ሲቀንስ ተፈትቶ የሚሠራው መድኃኒት ይበዛል። ደም የሚያቀጥነውን ኩማዲን የሚወስድ የጉበት ሕመምተኛ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ነገሮችም የሚሠሩት እዚያው ጉበት ውስጥ ነውና።

በነገራችን ላይ፤ በኡልፓን ባለፈው ሳምንት «ካቬድ» የሚለውን ቃል ስንማር መምህርታችን «ከባድ» ማለት ነው አለችን። ደስ አለን፤ የራሳችን ቃል ነዋ! ግን ካቬድ ጉበት ማለትም ነው። በግዕዝም ከብድ ሲባል ሆድም ጉበትም ማለት እንደሆነ ቄሶቻችን ያውቃሉ። እንግዲህ ሐኪሙ «ካቬድ» ሲላችሁ በሽታው ከበደ ማለቱ ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ። እንዲህ ሆኖ አንዲት እናት ስታለቅስ አይቻለሁ።

ወደ አካሞል ልመለስ፤ ወሬው የተነሣው በእሱ ነውና። አካሞል ማለት ፓራሲታሞል ነው። አገር ቤት ለራስ ምታት ስንገዛው የነበረው ያው ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ከሆነ ከስምንት ማለፍ የለበትም። ሲሮሲስ ላለበት ሰው ብዙ ሐኪሞች የሚወስኑት 2 ግራም ነው፤ ያ ማለት አራት ክኒን። ምክንያቱም ከፓራሲታሞሉ አብዛኛው ክፍል ጉበት ውስጥ ያለ ችግር ተጠቅልሎ በሽንት ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ወደ መርዝ ይለወጣል። ያን መርዝ የሚያከሽፍ ግሉታታዮን የሚባል ነገር በጉበት ውስጥ ተከማችቶ ይኖራል። በበሽታ፣ በመጠጥ ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ክምችቱ ይሳሳል። ስለዚህ የዩክሬኑ ሰው ስምንት፣ አባታችን አራት። የዩክሬኑ ሰው ጉበት ቢታመም እሱም አራት ይባላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ቤት ሜርካሐት ገብተን አካሞል ስንገዛ፣ ዴክሳሞል ስንገዛ፣ ለጉንፋን የሚሆነውን ባለ ቀለም ካርቶን ስንገዛ፣ ሦስት የተለያየ መድኃኒት የገዛን ይመስለናል። ሦስቱም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ከሦስቱም ሁለት ሁለት ጠዋትና ማታ የዋጠ ሰው፣ አራት የተባለ ሆኖ ሳለ አሥራ ሁለት ዋጠ ማለት ነው። ስሙን አትዩ፤ በትንሹ የተጻፈውን «ፓራሲታሞል» የሚለውን ቃል ፈልጉ።

አሁን ዋናውን ልናገር። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ወሬው ብቻ አይደለም፤ ከወሬው በኋላ የሆነው ነገር ነው። አንዳንድ ሰዎች «አካሞል ለጉበት መጥፎ ነው» የሚለውን ከሰሙ በኋላ አካሞሉን ጨርሰው ጥለው በምትኩ ኢቡፕሮፌን፣ ኑሮፌን፣ አድቪል፣ ቮልታሬን መዋጥ ጀምረዋል። ኧረ ተው! ጉበቱ ለጠጠረ ሰው፣ ይልቁንም ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ሰው፣ እነዚህ ናቸው የሚያስፈሩት። የታመመ ጉበት ያለው ሰው ኩላሊቱ ደም የሚያገኘው በጭንቅ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ያችኑ የቀረችውን መንገድ ያጠቡበታል፤ ኩላሊቱ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ጨጓራን ይልጣሉ፤ በጉሮሮና በጨጓራ ውስጥ ያበጡ ደም ሥሮች ካሉ ደም መፍሰስ ሊያስከትሉ ይችላሉ። በመጠኑ የተወሰደ አካሞል ለእነዚህ ሕመምተኞች ከሁሉ የተሻለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ሐኪሞች ራሳቸው የሚመርጡት እሱን ነው። «ቀንስ» ማለት «ጣል» ማለት አይደለም። ይህችን አንድ ነገር አንብባችሁ ሌላውን ብትረሱት አይከፋኝም።

የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒትም እንዲሁ ነው። አሲቫል የሚባለው ዲያዜፓም በጤነኛ ሰው እንኳ ግማሹ ከደም እስኪወጣ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ላይ ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይቆያል። እናትየዋ ሌሊት አንድ ትውጣለች፤ ትናንትናም ውጣለች፤ ከትናንት በስቲያም። በሳምንቱ ቀንና ሌሊት ይምታታባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የልጇን ስም ትስታለች። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል፤ ወይ ደግሞ ሌላ ነገር ይላል፤ የምንለውን ታውቃላችሁ። በእርግጥ ግን ጉበት ያላጣራው መርዝና መድኃኒት አእምሮዋን አደንዝዞት ነው። እንዲህ ሲሆን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ነው። ሎራዜፓምና ኦክሳዜፓም የሚባሉት በሌላ ቀላል መንገድ ስለሚወገዱ ጉበቱ ብዙም አይቸገርባቸውም፤ ለእነሱም ቢሆን ሐኪም ይወስን። የሆድ ድርቀትም ይህንኑ መደንዘዝ ያመጣል። ለዚህ ነው አቪላክ የሚባለውን ጣፋጭ ሽሮፕ የሚያዝዙት። ስኳር ውኃ መስሎን እንተወዋለን፤ መተው የለበትም።

«ታዲያ ጉበቴ ስንት በመቶ እንደሚሠራ በደም ምርመራ አይታወቅም ወይ?» ያለኝ አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለኩላሊት ክሬአቲኒን የሚባል መለኪያ አለ፤ ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ መጠኑን ማስላት ይችላል። ለጉበት እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር የለም። የጉበት ኢንዛይም የሚሉት ምርመራ ጉበቱ መቁሰሉን እንጂ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ አይናገርም፤ ኢንዛይሙ ደህና ሆኖ ጉበቱ የጠጠረ ሰው አለ። ሐኪሞቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ ቻይልድ-ፒው ይባላል። ቢሊሩቢኑን፣ አልቡሚኑን፣ የደም መርጋቱን፣ ሆድ ውኃ መቋጠሩንና የአእምሮ መደንዘዙን አይተው ነጥብ ይሰጣሉ፤ 5ና 6 ቀላል፣ ከ7 እስከ 9 መካከለኛ፣ ከ10 እስከ 15 ከባድ። ቻይልድና ተርኮት በ1964 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያወጡት፣ ፒው በ1973 ያሻሻለው ነው። የተሠራው ለቀዶ ሕክምና ነበር፤ ለመድኃኒት መጠን የተዋሱት በኋላ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «እንሞክርና እንይ፤ በሁለት ሳምንት ተመለስ» ቢል አያውቅም ማለት አይደለም። መለኪያው ራሱ እንዲህ ያለ ነው። የሚያሳስበኝ ተመለሱ ተብላችሁ የማትመለሱት ናችሁ።

የጉበት በሽታ ሁሉ አንድ አለመሆኑንም ልብ በሉ። ከጣና ዙሪያና ከወንዝ ዳር የመጣን ሰዎች ብዙዎቻችን ቢልሃርዚያ እናውቃለን። ቢልሃርዚያ ሲቆይ ጣፊያን ያሳብጣል፣ በጉበት ውስጥ የደሙን መንገድ በጠባሳ ያጠብባል፤ የጉበቱ ሠራተኞች ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ናቸው። በእንዲህ ያለው ሰውና በሲሮሲስ በተጎዳው ሰው መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።

ሔፓታይተስ ቢ በደሙ ውስጥ ያለበት ነገር ግን ጉበቱ ደህና የሆነ ሰው ደግሞ አብዛኛውን መድኃኒት እንደማንኛውም ሰው በሙሉ መጠኑ ይወስዳል። እዚህ አገር የተወለዱ ሕፃናት ሁሉ ከ1992 ጀምሮ ክትባቱን ያገኛሉ፤ እኛ አዋቂዎቹ ግን ሳንከተብ ያደግን ብዙ ነን፤ ቫይረሱን የያዙም አሉን። እነዚህ ሰዎች መደበቅ ይወዳሉ። ትዳር ይበላሻል፣ ሰው ከማዕዴ ይሸሻል ብለው ነው። ከጎረቤት መደበቅ የራሳችሁ ነው፤ ከሐኪም መደበቅ ግን አደጋ ነው። ምክንያቱም ስቴሮይድ፣ የካንሰር መድኃኒት፣ በተለይም ሪቱክሲማብ የሚባለው ሲሰጥ፣ ለዓመታት ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ተነሥቶ ጉበቱን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ቫይረሱን የሚይዝ ክኒን አብሮ ይሰጣል፤ ነገሩም በሰላም ያልፋል።

ለምን እንደምንደብቅ አውቃለሁ። የለገስነው ደም በድብቅ ሲጣል መኖሩ በጃንዋሪ 1996 በጋዜጣ ሲወጣ፣ ቀድመውን የመጡት ወገኖቻችን በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ኢየሩሳሌም ላይ ጮኸዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ደማችን የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ሊያዋርደን የመጣ ይመስለናል። ቁስሉ እውነተኛ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን በዚያው በ1996 አንድ ሌላ ነገርም ታትሟል። የአገራችን ልጅ የሆነችው ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ 29 በመቶው በጉበታቸው ውስጥ የአንዱን ኢንዛይም ዘረ መል ደራርበው እንደሚወለዱ አገኙ። ኮዴይን የሚባለው የሕመምና የሳል መድኃኒት የሚሠራው በዚያ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ተለውጦ ነው። ኢንዛይሙ የበዛለት ሰው ሞርፊኑ በአንዴ ይበዛበታል፤ ሕፃን ከሆነ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጉበቱ የታመመ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ኮዴይኑን መለወጥ ሊያቅተው፣ የተለወጠውን ሞርፊን ደግሞ ማስወጣት ሊያቅተው ይችላል። እንግዲህ ሐኪም «ከየት ነህ?» ብሎ ቢጠይቀን አንዳንዴ ሊጠብቀን ነው። ግን ለምን እንደሚጠይቅ ይንገረን!

ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ አይሶኒያዚድ ለምትወስዱ አንድ ቃል፤ ጉበት ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው። ምግብ ካስጠላችሁ፣ ሽንታችሁ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ክኒን ሳትውጡ በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አገር ቤት «የወፍ በሽታ» ብለን ቅጠል የምንቀጠቅጥለት ይኼው ቢጫነት ነው። ቅጠሉም፣ ኮሶውም፣ በፖስታ የሚመጣው ዱቄትም የሚያልፈው በዚያው ኬላ ነው፤ እሱንም ለሐኪሙ ንገሩት። አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

አሁን ለሐኪሞቹ፣ ይህን ጽሑፍ የሚተረጉምላቸው ካገኙ። በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት፣ ዓሎኑ፣ በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። «የጉበት ሕመም ካለብህ ሐኪምህን አማክር» የሚለው መስመር እዚያ ውስጥ አለ፤ እኛ ግን አናነበውም። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ማብራሪያው ሕመምተኛው በሚገባው መንገድ ይሁን ይላል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 የቋንቋና የባህል ተደራሽነት መመሪያ አውጥቷል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የእናቱን ጉበት ሲያስተረጉም አያለሁ። ልጁ «እማዬ፣ ትንሽ ዋጪ ነው የሚልሽ» ይላታል። ትንሽ ስንት ነው? አሥር ደቂቃ አስተርጓሚ በስልክ ቢጠሩ ኖሮ በግቢያችን ያ ወሬ ባልተነሣ።

እኛም ዝም አንበል። ሦስት ነገር በዕብራይስጥ በቃላችሁ ያዙ። የመጀመሪያው «የሽ ሊ ማሐላት ካቬድ»፤ የጉበት በሽታ አለብኝ ማለት ነው፤ ሐኪም ዘንድም፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድም፣ ቤት ሜርካሐትም ይነገራል። ሁለተኛው «ማ ሀሚኑን ሼሊ?»፤ የእኔ መጠን ስንት ነው? ሦስተኛው «ላማ?» ነው። እሱንስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ይሉታል።

ለሚቀጥለው ሳምንት የጤና ሰዓት የአካሞልን ዓሎን ይዤ እመጣለሁ። መምህርታችን አብራን ልታነበው ፈቅዳለች። እናንተም ቤት ያላችሁን ካርቶን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ።